አልጫን አለኝ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ከጮኸ ደብረ ብርሃን ነው። ደዋይዋ የአንድ ቁጠባና ብድር ማህበር ሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ቢሯችን ውስጥ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ልጄን ይጠይቁኛል። ቀጥለው የአዲስ አበባን ብርድ ይጠይቁኛል። (ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የአዲስ አበባን ብርድ መጠየቅ!) ከዚያ ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት።

«ልጄ፣ ያ ነገር አልጫን አለኝ።»

«የቱ ነው እትዬ?»

«ብድር የምንለቅበት።»

«ስክሪኑ ላይ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ዝም ብሏል።»

ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንዳወራነው አልቆጠርኩም። ከእሳቸው ጋር ብቻም አይደለም። ድርጅታችን ትንሽ ነው፣ አራት ነን። ለቁጠባና ብድር ማህበራት ሶፍትዌር እንሠራለን። የእኔ የሥራ መደብ «ሶፍትዌር አበልጻጊ» ይላል፤ ግማሽ ቀኔን የምውለው ግን ስልክ ላይ ነው። ከሚደወልልኝ ጥሪ አብዛኛው «እንዴት ነው የሚሠራው?» አይደለም። «ለምን እምቢ አለኝ?» ነው።

«ዝም ብሏል» የሚለው አባባላቸው ግን አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ብድር የሚለቀቅበት የስክሪኑ ቁልፍ ደብዝዟል፣ አይነካም። ለምን እንደደበዘዘ እትዬ አያውቁም። እኔም ስልክ ላይ ሆኜ አላውቅም። ፕሮግራሙ ግን ያውቃል። ያደበዘዘው እሱ ራሱ ነዋ! ምክንያቱን እያወቀ ዝም ያለ አንድ እሱ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሐሳብ ከመድረሴ በፊት ሌሎች መንገዶችን ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ 38 ገጽ ማንዋል ጻፍኩ። አሳትመን ላክን። አንድ ማህበር ሄጄ ሳየው የፕሪንተሩ ማስደገፊያ ሆኗል። አልተቀየምኩም፤ እኔም ብሆን አላነበውም ነበር። ቀጥሎ ቪዲዮ መጣ። 27 አጫጭር ቪዲዮዎች ሠራሁ። የምቀዳው ሌሊት ነበር፤ ቀን ከጎረቤታችን ያለው ወፍጮ ቤት አያናግርም። ቴሌግራም ላይ ለቀቅኳቸው፣ ሰዉ ወደዳቸው። እትዬም «ድምፅሽን ስሰማ አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለኝ» አሉኝ።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ሰኔ 30 በጀት ከተዘጋ በኋላ ነው ትልልቅ ለውጦችን የምናደርገው፤ ከዚያ በፊት የነካን እንደሆነ ሂሳብ ሠራተኞቹ በሕይወት አይለቁንም። በዚያ ሐምሌ ሜኑውን ከግራ ወደ ላይ አዛወርነው። ሁለት ቁልፎች ስማቸው ተቀየረ። በአንድ ቀን 27ቱም ቪዲዮዎች ውሸታም ሆኑ። አንድ ሰውዬ ደውለው «ለሌሎቹ የሰጣችሁት ሲስተም ሌላ ነው፣ ለእኛ የሰጣችሁን የድሮውን ነው» ብለው ተቆጡ። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነበር። የድሮው ቪዲዮው ነው። ግን ማን ይሰማል?

ሁሉንም እንደገና ልቅዳ? ወፍጮው፣ ሌሊቱ፣ 27 ቪዲዮ። ከዚያ ለሚቀጥለው ሐምሌ እንደገና?

የዚያን ሰሞን ነው አንድ የድሮ የምርምር ጽሑፍ እጄ የገባው። እ.ኤ.አ. የ1990 ነው፤ ዊንዶውስ 3.0 የወጣበት ዓመት። ጸሐፊዎቹ ፒያዋዲ ሱካቪሪያ እና ጄምስ ፎሊ ይባላሉ፤ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። ሱካቪሪያ በ1988 ጀምራው የነበረ ሥራ ነው። ሐሳቡን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮግራሙ ሠሪ እያንዳንዱን ተግባር ሲያስገባ ሁለት ነገር አብሮ ይጽፋል። አንደኛ፣ ይህ ተግባር እንዲሠራ አስቀድሞ ምን መሟላት አለበት? ሁለተኛ፣ ከተሠራ በኋላ ምን ይለወጣል? ይኸው ነው። ቁልፉ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚደበዝዝ ፕሮግራሙ ከዚህ ያውቃል። እገዛውም ከዚሁ ይወጣል። ተጠቃሚው «ይህን እንዴት ልሥራ?» ሲል «ካርቱኒስት» የሚሉት ክፍል ተነስቶ እዚያው የተከፈተው ስክሪን ላይ የማውስ ሥዕል እያንቀሳቀሰ ያሳያል። ቀድሞ የተቀዳ ፊልም አይደለም። አሁን ፊቱ ላይ ባለው ሥራ ነው የሚያሳየው። የጎደለ ቅድመ ሁኔታ ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያንን የሚያሟላው የትኛው ተግባር እንደሆነ ይፈልግና መጀመሪያ እሱን ያሳያል። ያም የጎደለው ነገር ካለ፣ አሁንም ወደ ኋላ። በኋላ በተከታታይ ሥራዎቻቸው ጽሑፍና ድምፅም ተጨምሮበታል።

ይህ ሁሉ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ተሠርቶ ነበር። እኛ ዛሬም የደበዘዘ ቁልፍ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ስልክ እንደውላለን።

ከእነሱ በኋላ ማንም አልሞከረም ማለቴ አይደለም። አፕል በ1991 ሲስተም 7 በሚባለው የኮምፒውተሮቹ ሥርዓት ላይ እንደ ካርቱን ንግግር ብቅ የሚል የእገዛ ፊኛ አውጥቶ ነበር። ለአንድ የሜኑ መስመር ሲደበዝዝ ለብቻው የሚታይ መልእክት መጻፍ ይቻል ነበር፤ በጣም የገባው ሰው የሠራው ነገር ነው። ችግሩ ጽሑፉን በእጁ የሚጽፈው ፕሮግራመሩ ነበር። ፕሮግራመር ደግሞ ምን ያህል መጻፍ እንደሚወድ አውቃለሁ። ከዚያ ማይክሮሶፍት ኦፊስ 97 ላይ ክሊፒ የሚሏት ዓይናማ የወረቀት ሽቦ ረዳት ሆና መጣች። እሷ የምትገምት ነበረች። የምትገምት እገዛና የምታውቅ እገዛ ለየቅል ናቸው፤ በእሷ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልልም።

እኛ ጋ ሥራው የጀመረው በኮድ ጠረጋ ነው። «ብድር ልቀቅ» የሚለው ቁልፍ እንዲነካ ሰባት ነገር መሟላት አለበት፦ ማመልከቻው መሞላት፣ ሁለት ዋሶች መጽደቅ፣ የብድር ኮሚቴው ውሳኔ መግባት፣ የአባሉ ቁጠባ በቂ መሆን፣ ሌላም ሌላም። ኮዳችን ውስጥ እነዚህ ሰባቱ በአንድ ረጅም መስመር ተቆላልፈው ነበር የተጻፉት። ውጤቱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። ከሰባቱ የትኛው እንደጎደለ መስመሩ ራሱ እየጣለው ነበር። ለካ ዝምታው የመጣው ከዚያ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ በሰው አላሳብብም።

እያንዳንዱን ሁኔታ ለየብቻው አወጣሁት። ለእያንዳንዱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ አራት ነገር ይመዘገባል፦ ስሙ፣ የሚፈተሽበት መንገድ፣ ሲጎድል የሚነገረው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ እና የሚያሟላው ተግባር። 61 ተግባሮች አሉን። አራት ወር ፈጀ። አለቃችን በሦስተኛው ወር «እስካሁን ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ግን አንድ ጉድ አገኘን። በዘጠኝ ቦታ ስክሪኑና ሰርቨሩ (መዝገቡን የያዘው ዋናው ኮምፒውተር) አይስማሙም ነበር። ስክሪኑ «ተጫን» ይላል፣ ሰርቨሩ እምቢ ይላል። ለዓመታት «ሲስተሙ አንዳንዴ ያምፃል» እየተባለ ሲነገረን የነበረው ይህ ነበር።

ከዚያ ከቁልፉ አጠገብ «ለምን?» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አደረግን። ቁልፉ ሲደበዝዝ ብቅ ትላለች። ሲጫኗት የጎደለውን ትናገራለች፣ «አሳየኝ» ካሏት ደግሞ መንገዱን በቀይ ክብ እያከበበች ትወስዳለች።

ቁልፉ ስክሪን ላይ የት እንዳለ ማወቅ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። መጀመሪያ በቦታ ልኬት አደረግነው። እኔ ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ነበር፣ ማህበራቱ ጋ ባሉት አሮጌ ሞኒተሮች ላይ ግን ክቡ ባዶ ቦታ ያከብባል። በመጨረሻ በስሙ መፈለግ ጀመርን። ማለትም ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙባቸው እንደ ኤንቪዲኤ ያሉ ስክሪን አንባቢዎች በሚያነቡት ስምና ዓይነት፦ «ቁልፍ፣ ብድር ልቀቅ»። ያኔ ነው ስንት ቁልፎቻችን ስም እንደሌላቸው ያየሁት። የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ያለበት ቁልፍ ስሙ «ቁልፍ» ብቻ ነበር። ለክቡ ስንል ስም ሰጠናቸው፤ ማየት ለተሳነው ሰውም በዚያው ተስተካከለ። አስቀድመን ማድረግ የነበረብን ነው።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። የመጀመሪያው «አሳየኝ» እውነተኛ ነበር። ከሚገባው በላይ እውነተኛ። አንድ ማህበር ቢሮ፣ አምስት ሰው ከኋላዬ ቆሞ፣ «እዩ እንግዲህ፣ ራሱ ያሳያችኋል» ብዬ ጫንኩት። የማውሱ ቀስት በኩራት ሄደ፣ አከበበ፣ «ብድር ልቀቅ»ን ተጫነ። ተለቀቀ። 15,000 ብር፣ በእውነተኛ አባል ስም፣ በእውነተኛ መዝገብ ላይ። ጥሬ ገንዘቡ ካዝና ውስጥ ነው፣ መዝገቡ ግን ወጥቷል ይላል። ሥራ አስኪያጁ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጎበዝ ነው፣ ፈጣን ነው» አሉ። የማስተካከያ ምዝገባውን ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን። መዝገብ የሚነካ ነገር ላይ ሲደርስ ክቡ ይቆማል። «አሁን እርስዎ ይጫኑ» ይላል፣ ይጠብቃል።

ቪዲዮውንም አልተውነውም፤ ሰዉ ቴሌግራም ላይ ይፈልገዋል፣ ማታ ቤቱ ሆኖ ያያል። ግን አሁን አልቀዳም። አዲስ ለውጥ ባወጣን ቁጥር ፕሌይራይት የሚባለው ነፃ መሣሪያ ብሮውዘር ከፍቶ በእያንዳንዱ መንገድ ራሱ ይሄዳል፣ ሲሄድ ይቀረጻል፣ ከላዩ ላይ ድምፅ ይገባል። 54 ቪዲዮ በ40 ደቂቃ ያልቃል፣ እኔ ቡና እጠጣለሁ። አንዱ መንገድ ላይ ቁልፍ ጠፍቶ ከቆመ ደግሞ ለእኛ ይነግረናል፤ ተጠቃሚው ሳያይ እናርመዋለን። ቪዲዮዎቹ ላይ የምናሳያቸው አባላት በሙሉ የሌሉ ሰዎች ናቸው። የሰው ቁጠባ ቴሌግራም ላይ አይወጣም። አንዷን የፈጠራ አባላችንን 999,999 ብር ቁጠባ ሰጥቻት ነበር። አንድ ገንዘብ ያዥ ደውለው «ይቺ ሴትዮ የት ማህበር ነው ያለችው?» አሉኝ። ቀነስኩባት።

የቴክኒኩ ነገር ይህን ይመስላል። ከሁሉ ያለፋኝ ግን አማርኛው ነው።

ማሽን ከተዘጋጀ ቅርጽ ዓረፍተ ነገር ሲሠራ ክፍት ቦታ ትቶ ስሙን ያስገባል። እንግሊዝኛ ላይ ስሙ እንዳለ ይገባል። እኛ ጋ ግን ስሙ ይለወጣል፦ «ዋስ» «ዋሱን» ይሆናል፣ «ማመልከቻ» «ማመልከቻውን» ይሆናል። የመጀመሪያው ሙከራችን «ማመልከቻኡን ይጫኑ» ይል ነበር። ያዳነን «የሚለውን» ነው። «‹ማመልከቻ› የሚለውን ይጫኑ» ካልክ ውስጡ ማንም ቢገባ አይፈርስም። ለዚህች አንዲት ቃል ሐውልት ይገባታል። ጾታውም አለ፤ አባሉ ነው ወይስ አባሏ? «አልከፈለም» ወይስ «አልከፈለችም»? «አልከፈሉም» አልን፣ አንቱታው ሁለቱንም ሸፈነልን። አክብሮት ኮድ ያሳጥራል ብዬ አላስብም ነበር።

ድምፁ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዛሬ አማርኛ የሚያነቡ የኮምፒውተር ድምፆች አሉ፣ ከጠበቅኩት በላይ ጥሩ ናቸው። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አይጽፍም። «ገና» በዓል ነው ወይስ «ገና ነው»? አንባቢ ከዓረፍተ ነገሩ ይገምታል። እኔ «ብድሩ ለአባሉ ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ። እኛ «ሰ»ን አጥብቀን ነው የምናነበው። ድምፁ አላልቶ አነበበው፤ ብድሩ ራሱ ሰጪ ሆኖ አረፈው። እትዬ ደውለው «ብድሩ ምንድን ነው የሚሰጠው ለአባሉ?» ሲሉ በሳቅ ሊሞቱ ነው። አጥብቂው የሚል ምልክት ስፈልግ ሰነበትኩ። በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን ገለበጥኩት፦ «ማህበሩ ብድሩን ለአባሉ ይሰጣል»። አሁን ላልቶ መነበቡ ልክ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንደዚህ ያሉትን እያደንኩ አድራጊያቸውን እጽፋለሁ። ያለ አድራጊ የተጻፈ አማርኛ ለካ ለሰውም አይመችም፤ ጽሑፎቼ በሙሉ ተሻሻሉ።

የሥራ ባልደረባዬ «ይህን ሁሉ ከምትደክሚ ስክሪንሾቱን ለኤአይ ስጪው፣ ይነግራቸዋል» አለኝ። ሞከርን። ሃያ ጥያቄ ሰጠነው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል፣ ይህን አልክድም። ለሦስተኛው ጥያቄ ግን «ቅንብሮች ወደሚለው ገጽ ይሂዱ» አለ። ቅንብሮች የሚባል ገጽ የለንም። ኖሮንም አያውቅም። እትዬ ያንን ገጽ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሲባክኑ ታየኝ። ዓረፍተ ነገር ሲያቃናልኝ እጠቀምበታለሁ፤ መንገድ እንዲመራ ግን አልሰጠውም። መንገዱን የሚያውቀው ሰንጠረዡ ነው።

ሰንጠረዡም ቢሆን የማይመልሰው አለ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ «ከየት ልጀምር?» ስትል «ለምን?» የምትለዋ ቁልፍ አትረዳትም። ብድር ለምን ሁለት ዋስ እንደሚፈልግም አትናገርም፤ «ሁለት ዋስ ይፈልጋል» ብቻ ነው የምትለው። ለዚያ አሁንም በአካል እንሄዳለን፣ አሁንም ሻይ እንጠጣለን።

ባለፈው ማክሰኞ በ2 ሰዓት ተኩል ስልኬ ጮኸ። ልጄ ተጠየቀች፣ ብርዱ ተጠየቀ።

«ልጄ፣ ያ ነገር አልጫን አለኝ።»

ልቤ ወረደ። «‹ለምን› የምትለውን ነኩት እትዬ?»

«ነካሁት እንጂ። የብድር ኮሚቴው ውሳኔ አልገባም አለኝ።»

«ታዲያ ኮሚቴው አልወሰነም?»

«የት ተሰብስቦ! ሰብሳቢው ለቅሶ ሄዶ መንዝ ነው ያለው። እስከ ዓርብ አይመጣም።»

«እና እኔ ምን ላድርግ እትዬ?»

«አንቺማ ምንም አታደርጊም። መልስ መስጠቱን ልንገርሽ ብዬ ነው እንጂ» አሉና ዘጉት።